የድንኳኑ ቁልፍና የህዋው ጦር

እኔ የምሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ መያዣው አጠገብ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሌላ እንደኛው ያለ ቤት አለ። የእነሱ ፕሪንተር በወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥቁር መስመር ይተዋል፤ ዓመት አለፈው፣ አላሠሩትም። አሠሪዬ ደንበኛ ወደ ማዶ ሲሻገር ባየች ቁጥር «ይሂድ ግዴለም፤ ወረቀቱን ከነማስመሪያው ይሰጡታል» ትላለች።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ትየባ የተማርኩት እዚሁ ነው፤ መጀመሪያ ወለል ልጠርግ ገብቼ ቀስ በቀስ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከሰው ጋር ማውራት አይሆንልኝም። ደንበኛ ቀና ብሎ ሲያየኝ ቃል ይጠፋብኛል። መተየብ ግን ያንን አይጠይቅም፤ ሰው ወረቀቱን ያስቀምጣል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ። የክስ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ። ሳይታወቀኝ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ።

አባቴም ወረቀት ሲኖረው ወደ እኔ ያመጣል። ለወረዳ የሚገባ ማመልከቻ ይሁን ሌላ፣ በእጁ ጽፎ፣ አራት ላይ አጥፎ፣ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ ከነፋስ ስልክ በታክሲ ይመጣል። አሠሪዬ «አባባ፣ ለእርስዎ ማስመሪያ የሌለበት ወረቀት ነው» ትለዋለች። ይስቃል። ከኋላዬ ቆሞ ስተይብ ያየኛል። ጎረቤት ፊት «የልጄ እጅ ስህተት አያውቅም» እያለ እንደሚያወራ ሰምቻለሁ።

ሻለቃው የመጡት ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። በጡረታ ከአየር ኃይል የወጡ፣ ዕድሜአቸውን በራዳር ክፍል የጨረሱ፣ መካኒሳ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ስድስት ደብተር በፌስታል ይዘው ገቡ። መጽሐፍ ነው አሉ፤ ስለ ህዋ ጦር። ኃያላን አገሮች እርስ በርስ ሲፎካከሩ ህዋ ላይ የሚሠራውን ጦራቸውን እንዴት አፍርሰው እንደሚሠሩት።

አሠሪዬ ደብተሩን ገለጥ አድርጋ አየችና «ሻለቃ፣ እኛ እዚህ አንዲት ካሬ መሬት አጥተን እርስዎ ሰማይ ሊያካፍሉ ነው?» አለቻቸው።

«ሰማዩም አልቋል እትዬ» አሉ። «ታጥሯል።»

ጽሕፈታቸው እንደ ጉንዳን ሰልፍ የተጠቀጠቀ ነበር። በየቀኑ ከሰዓት ይመጣሉ፤ አጠገቤ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ ያልተነበበልኝን ያነቡልኛል። መጀመሪያ ሳምንት ሰውነቴን ሁሉ ያልበኝ ነበር። እያደር ለመድኳቸው። የሚሉት ነገርም ቀስ እያለ ገባኝ።

ከላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች ለአንድ ጦር ዓይኑም፣ ጆሮውም፣ ሰዓቱም ናቸው ይላሉ። መርከቡ የት እንዳለ የሚያውቀው በእነሱ ነው፤ ሚሳይል ሲተኮስበት ቀድሞ የሚያየው በእነሱ ነው፤ አዛዡ ከሩቅ ወታደሩ ጋር የሚነጋገረው በእነሱ ነው። ስለዚህ ታላላቆቹ ቢዋጉ አንዱ የሌላውን ዓይን ለማጥፋት ነው የሚጣደፈው። መጽሐፋቸው ግን ስለ መሣሪያው አልነበረም። ስለ መዋቅሩ ነበር፤ ሳተላይቱን የያዘው ክፍል ለማን ይታዘዝ? አሜሪካ ከአየር ኃይሏ ነጥላ ለህዋ ብቻ የሚቆም ጦር አቋቋመች። ሩሲያ በተቃራኒው ከአየር ኃይሏ ጋር አዋሃደችው። ቻይና ደግሞ መጀመሪያ የሳተላይቱን፣ የኮምፒውተር ጦርነቱንና የመረጃውን ሥራ አንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ሰበሰበች፤ ጥቂት ዓመት ቆይታ ያንኑ ክፍል በተነችው። ለየብቻ አቆመቻቸውና በቀጥታ ከበላይ አዛዡ ሥር አስገባቻቸው።

ሰባተኛው ምዕራፍ የሚጠይቀው ይሄንን ነበር። ለምን ሰበሰበች? ሰብስባስ ለምን በተነች? ሻለቃው ብዙ ገጽ ጽፈውበታል፤ ሰንጠረዥ አለ፣ ሣጥን ከሣጥን የሚያያይዝ ቀስት አለ። ተይቤ ስጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ገባሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ራስ መነቅነቅ አልፈልግም፤ ፍየልም ትነቀንቃለች። ንገሪኝ። አንቺ ከገባሽ ለአገሩ ሁሉ ይገባል።»

«ይተዋት ሻለቃ» አለች አሠሪዬ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ። «እሷ የምትናገረው በጣቷ ነው።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ተናገርኩ።

«እንደ እድር ነው?» አልኩ።

«እድር?»

«የእድር ዕቃ ቤት። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ሰው ሲሞት ጡሩምባውም ድንኳኑም ድስቱም ከአንድ ቤት ይወጣል። ይፈጥናል። ግን ሁለት ለቅሶ በአንድ ቀን ከመጣ፣ ያ ሰው ማንን እንደሚያስቀድም ዳኛው አያውቅም። ስለዚህ ሥራውን ይከፋፍሉትና ቁልፉን ዳኛው ራሱ ይይዘዋል።»

እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ቀጥዪ።»

«ሲከፋፍሉት ለሥራ ቅልጥፍና ነው ይላሉ። ግን ለቅልጥፍና አይደለም። ያንን ሰው ስላላመኑት ነው።»

ሻለቃው መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። «ይሄንን ለመናገር ነው ግማሽ ደብተር የጨረስኩት» አሉ። «ባላንጣህን ፈርተህ ነው ጦርህን የምታደራጀው ይባላል። የገዛ እጅህንም ፈርተህ ነው። እንዴት አወቅሽ አንቺ?»

ወደ ትየባዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሳልጠየቅም እጠይቃቸው ጀመር። አንድ ቀን «ኃያላኑ አንዱ የሌላውን ሳተላይት ቢያሳውሩ የእኛ ስልክ ይሠራል?» አልኳቸው። ሳቁ፤ ቆይተው ግን ሳቁን ተዉት። «እኛ ድንኳኑ ሥር የተቀመጥን ለቀስተኞች ነን» አሉ። «ባለድንኳኖቹ ተጣልተው ሲነቅሉት ዝናቡ እኛም ላይ ነው።» ይሄንንም መጽሐፉ ውስጥ አስገቡት። እኔ ነበርኩ የተየብኩት፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ አንድ ትልቅ ሰው የማስበውን ጠይቆኝ፣ የመለስኩትን ጽፎት አያውቅም ነበር።

ዕውቀቱ ከየት እንደመጣ ግን አልነገርኳቸውም። ቤቴ ውስጥ የተፈጸመ ነገር ነው።

አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ያኔ የእድራችን ንብረት ያዥ ነው፤ ጡሩምባ ነፊውም እሱ ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። እድሩ ሁለት ድንኳን ነበረው፤ አንድ አዲስ ትልቅ፣ አንድ ደግሞ የተበሳሳ አሮጌ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ቀድሞ ያስነገረ ቤት አዲሱን ያገኛል። አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ወንዙ ዳር የምትኖር የልብስ አጣቢ ልጅ ናት። «እናቴ አረፈች» አለች። አባቴ «አይዞሽ፣ ሂጂ፣ ደርሻለሁ» ብሏት ኮቱን መልበስ ጀመረ። ኮቱን ሳይቆልፍ መኪና በራችን ላይ ቆመ። የብረታ ብረት ነጋዴው ልጅ ነው፤ አባቱ ሆስፒታል ሞተዋል። ደጅ ቆመው ተነጋገሩ። የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ስለ መጋዘን ጥበቃ ሥራ ሲያወራ። አባቴን ፋብሪካው ከቀነሰው ወራት አልፈውት ነበር።

ተመልሶ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሳያየኝ ነው የተናገረው። «ማንም ቢጠይቅሽ፣ ቀድመው የመጡት በመኪና የመጡት ናቸው በይ።»

ጡሩምባው ለነጋዴው ተነፋ። አዲሱ ድንኳን ነጋዴው ደጅ ተተከለ፤ ሰውም ወደዚያ ጎረፈ። አሮጌው ወንዙ ዳር ወረደ። ከቀትር በፊት ዝናብ ጣለ።

እድሩ አባቴን ስብሰባ ላይ አቆመው። «ተከታትለው ነው የመጡት፤ የመኪናው ግን ቀደመ» አለ። ዳኛው ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ እኔን አስጠርተው በለሆሳስ «የኔ ልጅ፣ ማን ነው ቀድሞ የመጣው?» አሉኝ። «በመኪና የመጡት» አልኩ። ማንም ከዚያ በላይ መሄድ አልቻለም። አላባረሩትም። ‹ለሥራ ቅልጥፍና› ተብሎ ጡሩምባው ለአንድ ሰው፣ ድንኳንና ወንበሩ ለሌላ፣ ድስቱ ለሴቶቹ ተሰጠ፤ ቁልፉን ዳኛው ወሰዱ። በር ጀርባ ያለው ሚስማር ግን እስከ ዛሬ አልተነቀለም። አባቴ መጋዘን ጠባቂ ሆነ፤ ሁለት ዓመት በዚያ ሥራ በላን፣ እኔም ስድስተኛን በዚያ ጨረስኩ። ከዚያ መጋዘኑ ተዘጋ። ስለዚያ ጠዋት እኔና አባቴ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

አንድ ከሰዓት ሥራ ቀዘቀዘ። አሠሪዬ ቶነር ልትገዛ ወጥታለች። ብቻዬን ነበርኩ፤ ጣቶቼ አላርፍ አሉ። ይሄንን የነገርኳችሁን ሁሉ ጻፍኩት። የሰው ጽሑፍ ሳይሆን የራሴን ስተይብ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስት ገጽ ሆነ። አነበብኩት፤ ደረቴ ቀለለኝ። ላጠፋው ነበር፤ ግን አሳሳኝ። የሻለቃው ሰባተኛ ምዕራፍ ፎልደር ተከፍቶ ስለነበር እዚያው ውስጥ አስቀመጥኩት፤ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ አዛውረዋለሁ ብዬ። ደንበኛ ገባና ረሳሁት።

በእኛ ሥራ ለደንበኛ ሲሰጥ ፋይል በፋይል አይመረጥም፤ ፎልደሩ እንዳለ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል። ቅዳሜ ሻለቃው «እቤት ላርመው» ብለው ሲጠይቁ በገዛ እጄ ገልብጬ ሰጠኋቸው።

ሰኞ ፊታቸው በርቶ መጡ። «ይሄ ሦስት ገጽ ያንቺ ነው?» አሉኝ።

ጆሮዬ ጋለ። «በስህተት ነው ሻለቃ። ይጥፋ።»

«ምኑ ነው የሚጠፋው! ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ምዕራፍ ሰባት የሚጀምረው በዚህ ነው።»

«አባቴ አለ» አልኳቸው። «እድሩ አለ። ያች ልጅም አለች፣ አሁን እዚያው ጉልት ትቸረችራለች። እባክዎ።»

አዩኝ። ያኔ ፊታቸው ላይ ያየሁት እውነተኛ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አላውቅም። «ካልሽ አይገባም» አሉ። «ወታደር ነኝ፤ ቃሌ አንድ ነው። ይኸው ፊትሽ ላጥፋው።» ማውሱን ከእጄ ወስደው ፋይሉን አጠፉት። አመሰገንኳቸው። ግልባጩ ያለበት ፍላሽ ግን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ሌላ ሰው ቢረሳው አይፈረድበትም፤ እኔ ሥራዬ እሱ ሆኖ አላሰብኩትም።

መጽሐፉ አለቀ። የገጹን ቅንብር የሚሠራው ማተሚያ ቤቱ ስለሆነ ከዚያ በኋላ በእኔ እጅ አላለፈም።

በዚህ መሀል ሰፈራችን ተነካ። ለመንገድ ብዙ ቤት ፈረሰ። ጡሩምባ ነፊው ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደ፤ ድንኳኑን የሚይዘው ሰውም ሄደ። ዳኛው እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። የተበተነው ሥራ እንደገና ወደ አንድ ሰው ይሰብሰብ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ቤታችን መጡና አባቴን «አንተው ያዘው፤ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ እናቀርብሃለን» አሉት።

በማግስቱ አባቴ አሮጌውን ድንኳን ከእድሩ ግቢ አስወጥቶ ደጃችን ላይ ዘረጋው። ማንም ሳያዘው። በወፍራም መርፌና በሲባጎ ቀዳዳውን አንድ በአንድ ይጥፍ ጀመር። ከሥራ ስመለስ ድንኳኑ መሀል ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ ጨርቁን ወደ ብርሃን ያነሳና የቀረ ቀዳዳ ይፈልጋል። «ይቺን እይልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» ይለኛል። አየዋለሁ። ስለዚያ ጠዋት ያወራን የመሰለኝ ያን ሰሞን ብቻ ነው፤ አንድም ቃል ሳንነጋገር።

መጽሐፉ የታተመው ጉባኤው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሻለቃው በካርቶን ይዘው መጡ፤ አሠሪዬ አሥር ተቀብላ መስኮቱ ላይ ደረደረችላቸው። ለእኔ አንድ ፈርመው ሰጡኝ፤ ታክሲ ይጠብቃቸው ስለነበር ወዲያው ወጡ። ምዕራፍ ሰባትን ገለጥኩ።

‹በነፋስ ስልክ ባለ አንድ እድር የሆነውን፣ ይህን መጽሐፍ የተየበችልኝ የሀይሌ ጋርመንቷ ልጅ እንባዋን እያፈሰሰች አጫውታኛለች› ይላል። ቀጥሎ የእኔ ሦስት ገጽ ነው። የኔው ዐረፍተ ነገሮች፣ በኔው ቅደም ተከተል። በር ጀርባ ያለው ሚስማር ሳይቀር። መጨረሻው ላይ ብቻ የራሳቸውን ጨምረዋል፤ ‹ታማኝ ያልሆነ እጅ ከባላንጣ ይከፋል፤ ኃያላኑ ይህን ከእኛ ንብረት ያዥ በተማሩ!› የሚል። ሰው እንዲስቅበት የተጻፈ ነው። እንባዬን ደግሞ አላፈሰስኩም። በማላስታውሰው ነገር ሁሉ ላምናቸው እችል ይሆናል፤ በዚህ ግን አልችልም፤ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም።

በማግስቱ ሲመጡ ሳያነሱት አነሳሁት። እስከ ዛሬ እገረማለሁ እንዴት እንደቻልኩ።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«ስም የለበትም እኮ!» አሉ። «አንድ ስም አሳዪኝ።»

«ሰፈሩ አለበት። እኔ አለሁበት።»

«ልጄ፣» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ። «አንባቢ ሳተላይት ሳተላይት ስትዪው ይተኛል። ድንኳን ስትዪው ይነቃል። ያንቺን አላማሁም፤ አከበርኩት። አሜሪካና ቻይናንስ ጽፌ የለ? ተቀየሙኝ?»

አሠሪዬ ወረቀት እየቆረጠች ነበር። መቁረጫውን አቆመች። «ሻለቃ፣ ቻይና ለቅሶ ላይ አታገኝዎትም» አለች። «እኛ ግን እንገናኛለን።»

ኮፍያቸውን አነሱ። ከመውጣታቸው በፊት ወደ እኔ ዞረው «ሁለተኛው እትም ላይ እናስተካክለዋለን» አሉኝ። አሁንም ሳስባቸው አንቱ ማለት አልተውኩም፤ ምላሴ እንቢ ይለኛል።

መጽሐፎቹን ከመስኮቱ አነሳናቸው። ግን ጊዜው አልፎ ነበር። የእድራችን ጸሐፊ የጉባኤውን ጥሪ ሊያባዛ በዚያው ጠዋት መጥቶ ነበር፤ እኔ እያባዛሁለት እሱ መስኮቱ ላይ ካሉት አንዱን አገላብጦ፣ ገዝቶ ወጣ። ምን እንደገዛ ያወቅኩት ሻለቃው ከሄዱ በኋላ ስንቆጥራቸው ነው።

ለአባቴ ቀድሜ ልነግረው ወሰንኩ። ታክሲ ውስጥ ቃሉን ደጋግሜ አጠናሁት። ‹አባዬ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ።› ቤት ስደርስ ድንኳኑ ደጁ ላይ የለም። ተጣጥፎ በሲባጎ ታስሮ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ወፍራሙ መርፌ ማሰሪያው ላይ ተሰክቷል። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ጸሐፊው የገዛው መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ነው።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። ቆምኩ።

«ማን ነገረው ብዬ አልጠይቅሽም» አለ። «የምናውቀው ሁለት ነን። እኔ አልነገርኩም።»

«አባዬ፣ ሻለቃው አይገባም ብለውኝ ነበር። ቃል ገብተውልኝ—»

«ሕፃን ሆነሽ ይዘሽልኝ ነበር» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። የሚያስብ ሰው ድምፅ ነበር። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ዕድሜሽ። ስታድጊ ጣልሽው።»

ራት በላን። ጨው አቀብዪኝ አለኝ፣ አቀበልኩት።

ያን ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ሳልፍ ወሬ ይቆም ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ፊት ለፊት ተናገረችኝ፤ «አንቺ ዝምተኛዋ፣ ዝም ያልሽው ለካ ልትጽፊው ነው!» ብላ ሳቀች። ክፋት የላትም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ በላይኛው መንገድ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ።

እሁድ ጉባኤው በእድሩ ግቢ ተሰበሰበ። እኔ አባል አይደለሁም፤ አጥሩ ጋ፣ ከሴቶቹ ኋላ ቆምኩ። አባቴ ፊት ረድፍ ላይ ኮቱን ቆልፎ ተቀምጧል። ምርጫው ሲደርስ ተነሳና አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ከውስጥ ኪሱ አውጥቶ ለጸሐፊው ሰጠው። ጸሐፊው አነበበው።

«ለእድራችን አባላት በሙሉ። ያን ቅዳሜ ቀድማ የመጣችው የልብስ አጣቢዋ ልጅ ናት። እያወቅኩ ነው ያስቀረኋት። ልጄ የመሰከረችው እኔ አስጠንቻት ነው። አሥር ዓመቷ ነበር፤ በእሷ አትፍረዱ። ቁልፉን ለመያዝ ራሴን አላቀርብም። አሮጌው ድንኳን ተጠግኗል፤ ሦስት ቀዳዳ ይቀረዋል።»

ከሴቶቹ መሀል የልብስ አጣቢዋ ልጅ ተነሳች፤ አሁን ጠና ያለች ሴት ናት።

«የእናቴን ሳጥን ላስቲክ አለበስነው» አለች። «የሱን ጥፋት ለራሱ ትቼዋለሁ። እኔ የተቀየምኩት እናንተን ነው። ማን ቀድሞ መጣ ብላችሁ እኔን ሳትጠይቁ ሕፃን ልጅ ጠየቃችሁ።» ተቀመጠች። ዳኛው አንገታቸውን ደፉ።

ቁልፉን ማን ይያዝ በሚለው ላይ ብዙ ተከራከሩ። አንዱ ሁለት ቁልፍ ይሠራ አለ፤ ሌላው ሦስት። ሳይስማሙ ለሌላ ጊዜ አስተላለፉት። ሰው ሲበተን ጸሐፊው ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሰው ሊሸኝ ወጣ። የአባቴ ደብዳቤ ከላይ ነበር። ተጠጋሁና አየሁት።

በእጅ የተጻፈ አልነበረም። ተተይቧል። ርዕሱ መሀል ላይ ነው፣ ፊርማው በታች። ቀኝ ጠርዙ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥቁር መስመር ወርዷል።

ማዶ ያለው ቤት ለመግባት ከእኛ በር ፊት ከታክሲ መውረድና መንገዱን ማቋረጥ ግድ ነው። በእጁ የጻፈውን ይዞ በእኛ መስኮት ፊት አልፏል፤ አጠገባቸው ቆሞ ሲተይቡለት ጠብቋል፤ አራት ላይ አጥፎ ተመልሶ አልፏል። ወንበሬ ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ አይሆንም። አላየሁትም። አንገቴን ደፍቼ የሰው ወረቀት እየተየብኩ ነበር ማለት ነው።